በሚካኤል ዕለት የታጨደው ገብስ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጠላ ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት፣ የደብራችን ቄስ ገብስ ሊያጭዱ ወረዱ። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ብዙ ሰው በብዙ መንገድ አውርቶታል። አንዳንዱ ተአምር ጨምሮበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቄሱን ቀንሶ ካድሬውን አግዝፎታል። እኔ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ።

በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ሳልደርስ ያቋረጥሁ፣ ጋሸና ወርጄ መኪና ላይ ጆንያ የጫንሁ፣ ከሾፌሮች የተቀዳደደ ጋዜጣ እየለመንሁ ያነበብሁ ልጅ ነኝ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ቤት መምታትን የለመድሁት ከአልቃሾች ነው፤ ለቅሶ ቤት ዳር ተቀምጬ የትኛዋ አልቃሽ ስንኟን እንደሰበረች ልብ እል ነበር። ኋላ ላሊበላ ገብቼ ከወረዳው የኪነት ቡድን ጋር ተቀላቀልሁ። ለእርሻ፣ ለዘማች፣ ለመሠረተ ትምህርት፣ የታዘዘውን ሁሉ እገጥማለሁ። እምነትን ትቻለሁ ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። ለእናቴ ግን አልነገርኋትም።

የተወለድሁባት አስታ ሜዳ ከገነተ ማርያም በላይ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለች የገብስ አገር ናት። ድርቁ ካለፈ ወዲህ እንደዚያ ዓመት ያለ ገብስ አልታየም። ለበዓሉ ስመጣ፣ ሽማግሌዎች በየማሳው ዳር ቆመው ዛላውን በመዳፋቸው ሲያሹ አየሁ። አይቀምሱትም። አሽተው መዳፋቸውን ያያሉ፣ መልሰው ደግሞ ሌላ ያሻሉ። ዘግይቶ ስለደረሰ አጨዳው ከሚካኤል ማግስት እንዲጀመር ደቦ ተቆርጦ ነበር።

በእኛ አገር፣ በበዓል ቀን ማጭድ ያነሳ ሰው በረዶ ይጠራል ተብሎ ይታመናል። በረዶው ደግሞ የሻረውን ሰው ማሳ ለይቶ አይመታም፤ አገር ነው የሚመታ። ስለዚህ በዓል መሻር ሰው ከነፍስ አባቱ ጋር የሚጨርሰው የግል ኃጢአት አይደለም፤ የጎረቤትን ጎተራ እንደማቃጠል ነው። የሻረ ሰው ከቅሬ ይወጣል። ቅሬ፣ የወሎን አነጋገር ለማያውቅ፣ መንደርተኛው እርስ በርሱ የሚረዳዳበትና የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ከቅሬ ለወጣ ሰው እሳት የሚያቀብለው፣ የጠፋ ከብት የሚመልስለት፣ ሲሞትም ሬሳውን የሚያነሳለት የለም።

ንግሡ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ በየዘመዱ ተቀምጧል። ደመናው ከአቡነ ዮሴፍ ራስ ላይ ወጣ። አናቱ ጥቁር ነበር፤ ግርጌው ግን ነጣ ብሏል። ግርጌው የነጣ ደመና ምን እንደሚይዝ ደገኛ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ሳቁ ቆመ፤ ከዚያ ወሬው።

«ያልፋል» አለ አንዱ።

«እንዴታ! በራሱ ቀን ሚካኤል ያሳልፈዋል እንጂ!» አለ ሌላው።

የቅሬው ዳኛ አያ ፈንታው ከመካከል ተቀምጠው ነበር። ድርቁ ሁለት ልጆቻቸውን የወሰደባቸው፣ ሰፊ ማሳ ያላቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ከደመናው ሳይነቅሉ፣ «ማንም ከቦታው እንዳይነሳ። እሱን ብለን ነው የተቀመጥነው» አሉ።

የደብሩ ቄስ መምሬ ይመር ግን ተነሡ። ለሽንት መስሎኝ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ አሉና፣

«አንተ፣ በዓል አይፈራም ይሉሃል። እውነት ነው?» አሉኝ።

ግራ ቀኝ አየሁ። «ሰው ያወራል መምሬ።»

«እውነት ከሆነ ዛሬ ትጠቅመኛለህ። ከእናትህ ቤት ሁለት ማጭድ አምጣና ማንጠግቦሽ ማሳ ዘንድ ድረስብኝ።»

ለምን እንደታዘዝሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ይመስለኛል፣ አንድ ቄስ በዓል ሲሽሩ ማየት ፈለግሁ።

ማንጠግቦሽ ባሏ በድርቁ ጊዜ እህል ፍለጋ ወደ ወልድያ ወርዶ የቀረባት ሴት ናት። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው ኤርትራ ናቸው ይባላል። ማሳዋ ከገደሉ አፋፍ ያለች ትንሽ ቁራሽ መሬት ነበረች። ወደ ንግሡም አልወጣችም፤ ማሳዋን ከጭላዳ ዝንጀሮ ስትጠብቅ ነው የዋለች። ጭላዳ በዓል አያውቅም።

ስደርስ መምሬ ቀድመው ቆመዋል። የማንጠግቦሽ ዓይን በእጄ ካሉት ማጭዶች ላይ አረፈ።

«እሱ ምንድን ነው መምሬ?»

«ደመናውን አላየሽውም?»

«አየሁት።»

«ይህች ከሄደች ክረምቱን በምን ትወጪዋለሽ?»

«ሚካኤል በሰጠኝ።»

«እሱማ ሰጥቶሻል፤ ይኸው ቆሟል። ልናነሳልሽ መጣን።»

«ዓይኔ እያየ አይደረግም!» ከማሳዋ ፊት እጇን ዘርግታ ቆመች። «ልጆቼን ለእሱ ነው አደራ የሰጠሁ። ሌት ተቀን ስሙን ስጠራ ከርሜ፣ በቀኑ፣ ለገብስ ብዬ ከእሱ ላጣላቸው? ይሂድ! ገብሱ ይሂድ መምሬ!»

ከመጽሐፍ ጠቅሰው የሚከራከሯት መስሎኝ ጠበቅሁ። መምሬ ግን መከራከሪያ ጊዜ እንደሌላቸው አውቀዋል። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሏት። «አንቺ እዚያ ሂጂና ጀርባሽን ስጪን። አላዘዝሽም፣ አላየሽም።»

«ሚካኤልስ አያይም?»

«ይይ እንጂ! ምሕረት የሚለምን መልአክ፣ ለመበለት ምሕረት ሲደረግ አይቶ ከተቆጣ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቀደስሁት ለሌላ ነው ማለት ነው።»

ጥምጣማቸውን ፈትተው ከድንጋይ ላይ አኖሩት፤ መስቀላቸውን ከላዩ አስቀመጡ። ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው ገቡበት። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ግን በአጨዳ እኔን ጥለውኝ ሄዱ። ጭብጣቸው ሳይፈታ ሌላው ይታጨዳል። እኔ ደግሞ ጋሸና ከወረድሁ ወዲህ ማጭድ ጨብጬ አላውቅም ነበርና ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።

ከወንዙ ማዶ የመምሬ ማሳ ይታያል። ከማንጠግቦሽ ማሳ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ወርቅ መስሎ ተኝቷል።

«የእርስዎስ መምሬ?» አልሁ።

አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «የእኔን ባጭድ ሥራ ነው። የእሷን ሳጭድ ሌላ ነው።»

«ገብሱ እንደሆነ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ምን ላይ ነው?»

«እጨድ! ግጥሙን በኋላ ትገጥማለህ።»

ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል፣ ማንጠግቦሽ እንደታዘዘችው ጀርባዋን ሰጥታናለች። ነገር ግን ወደ እኛ እየቀረበች ነበር። ፊቷን ወደ ገደሉ አድርጋ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላዋ ትራመዳለች። ከታጨደው ዘንድ ስትደርስ ሳትዞር ጎንበስ አለች፤ በእጇ ከኋላዋ እየዳበሰች ጭብጡን ትሰበስብ ጀመር። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳዋለች። ነጎድጓዱ ሲያጓራ ጊዜ ዞረች። ከዚያ በኋላ ከሁለታችን ይልቅ የሮጠች እሷ ነበረች። ነዶውን እያቀፍን ከገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ አገባነው። የመጨረሻውን ሸክም ስናስገባ የመጀመሪያው በረዶ ከትከሻዬ ላይ አረፈ።

የበረዶውን ድምፅ ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ምርት ሲወቃ ያለው ድምፅ ይመስላል፤ በእርግጥም ሲወቃ ነበር። የአገሩን ገብስ ሁሉ ባለበት ቆሞ ወቃው። ከዋሻው አፍ ሆነን ማዶው ሲነጣ አየን። የመምሬም ማሳ ከሌላው ጋር ነጣ። መምሬ ይህንን እያዩ ከጢማቸው ላይ እብቅ ይለቅሙ ነበር።

ሲያባራ ሰው ከላይ ወረደ። መጀመሪያ የጮኸ ማንም የለም። በየማሳው እየገቡ ይቆማሉ፣ እግራቸውን ያያሉ። ከዚያ አንዲት ሴት የሞት ለቅሶ አሰማች፤ ሌሎች ተቀበሏት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው በዋሻው ውስጥ የተከመረውን ነዶ አየ።

አያ ፈንታው ቀስ ብለው መጡ። ከመምሬ ፊት ቆሙ።

«መምሬ፣ በእጅዎ የያዙት ምንድን ነው?»

«ማጭድ ነው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

አያ ፈንታው ተመልሰው ዳገቱን ወጡ።

በማግስቱ ቅሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀመጠ። መምሬን ከመካከል አቆሟቸው። ደጉን ዓመት ስንጠብቅ፣ ከድርቅ ተርፈን በቄሳችን እጅ ጠፋን የሚል ነገር ተነገረ። የተናገሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሌሊቱን ምን እንበላለን ሲሉ ያደሩ ናቸው።

«ምናለ ለራስዎ ቢያጭዱ መምሬ!» አለ አንድ ጎልማሳ። «ሆዳቸው አሸነፋቸው ብለን እናዝንልዎ ነበር። የሰው ገብስ አጭዶ የአገር ገብስ ማስመታት ምን ይሉታል?»

«ጥፋቱ አብረው የዋሉት ሰው ነው!» አለ ሌላው ወደ እኔ እየጠቆመ። «ይህ ልጅ በጾም ጋሸና ጥብስ ሲበላ የታየ ነው!»

በዚያ ቀን እንኳ ሰው ሳቀ። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። እኔን ከቅሬ ይውጣ ያለ የለም፤ አባል አልነበርሁምና።

በመጨረሻ አያ ፈንታው እንዲህ ፈረዱ። መምሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ይሸከማሉ፤ «በረዶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በድያለሁ» ይላሉ። ካልሆነ ከቅሬ ይወጣሉ፤ ለቤተ ክህነትም ተነግሮ ከመቅደሱ ይወጣሉ። ድንጋይ መሸከም በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት ይንበረከካል። ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ብቻ ነው። ካወረደለት ታረቀ ማለት ነው።

«ድንጋዩን እሸከማለሁ» አሉ መምሬ። «ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው። ለመበለት አጨድሁ ብዬ ግን በድያለሁ አልልም።»

«ታዲያ በረዶውን ማን አመጣው?» አሉ አያ ፈንታው።

«እኔ እንጃ። ሰማዩን የሚያዝ ሌላ ነው።»

«አልልም ካሉ ይወጣሉ መምሬ።»

«እወጣለሁ።»

የመምሬ ሚስት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ባሏ «እወጣለሁ» ሲሉ ከግራዋም ከቀኝዋም ያሉት ሴቶች ሳይታወቃቸው ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ አየሁ። ከቅሬ መውጣት ምን እንደሚመስል ከዚያ በላይ ያስረዳኝ የለም።

ቅዳሜ ወደ ላሊበላ ወረድሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የወረዳው ካድሬ ጓድ ተሾመ ቢሮው ድረስ አስጠራኝ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ንግግሩ ፈጣን የሆነ ሰው ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ።

«ጓድ ገጣሚ! በዓል የሻረ ቄስ! አስበው እስቲ! እኛ ስንት ስብሰባ ጠርተን ያላደረግነውን አንድ ሽማግሌ በማጭድ አደረገው!»

«ለመበለቷ አዝነው ነው» አልሁት።

«ምክንያቱ ለእኛ አይጠቅመንም። ነገ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንወጣለን። ቄሱን የሚያወድስ፣ አድኃሪዎቹን የሚያሳፍር ግጥም ይዘህ ትመጣለህ።»

ማታውን ገጠምሁት። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

ቄሱ ማጭድ ይዞ ሲወርድ ከእርሻው ላይ፣
ዳኛው ጥፋት ፍለጋ አንጋጠጠ ሰማይ።

እንደ ግጥም መጥፎ አልነበረም። ቤቱም አልተሰበረም።

እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሰው ከጽዱ ሥር ሲሰበሰብ፣ ጓድ ተሾመ ጠመንጃ ከያዙ ሚሊሺያዎች ጋር ደረሰ። ሚሊሺያዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። መምሬን ከጎኑ አቆማቸውና ስለ ሥራ ክቡርነት፣ ስለ ኋላ ቀር ልማድ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ጠየቀ፦

«በእኚህ አባት ላይ የፈረደው ማነው?»



«እኔ ነኝ» አሉ አያ ፈንታው።

ከእርሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ተነሡ። «ብቻዎን አልፈረዱም» አለ አንደኛው፤ ሌላው ሄዶ ከአያ ፈንታው ጎን ቆመ። ጓድ ተሾመ ለሚሊሺያዎቹ ምልክት ሰጠ። ሦስቱንም እጃቸውን ወደ ኋላ አሰሯቸው።

«ወደ ላሊበላ ትወርዳላችሁ» አላቸው። «ሕዝብን ከሥራ ማስተጓጎል ምን እንደሚያስከትል እዚያ ትማራላችሁ።»

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከጎረቤት ደብር እንደዚሁ ታስረው የወረዱ ሰዎች ነበሩ። ወሬያቸው አልተሰማም። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ሚስቶች ሲጮኹ ሁላችንም ለምን እንደሚጮኹ እናውቃለን።

መምሬን አየኋቸው። ነገሩ ሁሉ ተገልብጦላቸዋል። ዝም ቢሉ ከቅሬ የሚያስወጣቸው፣ ከመቅደስ የሚያወርዳቸው ሰው አይኖርም። ምንም መዋሸት አይጠበቅባቸውም። ዝም ማለት ብቻ ነው።

«ይናገሩ አባ» አላቸው ጓድ ተሾመ። «ከእንግዲህ የሚነካዎ የለም።»

መምሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄዱ። ከካቡ ላይ ድንጋዮችን እያዩ፣ አንዱን ነክተው ተዉት፤ ሌላ ትልቅ መረጡ። በማጅራታቸው ተሸክመው መጡና ከታሰሩት ከአያ ፈንታው ፊት ተንበረከኩ።

«አያ ፈንታው፣ በድያለሁ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተጠጋ።

«ማጨዴ በደል አይደለም፤ አሁንም አልልም። ግን ደመናውን አይቼ ተነሣሁ፤ እናንተን አልጠራሁም። ቢከለክሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ቢሰድቡኝስ ብዬ ፈራሁ። ለአንዲት ሴት ደግ ሆኜ፣ እናንተን ከነፍርሃታችሁ አስቀምጬ ሄድሁ። ብጠራችሁ ምናልባት አንድ ሰው ይከተለኝ ነበር፣ ምናልባት ሁላችሁም። የእርስዎም ገብስ ይተርፍ ነበር። ለብቻዬ ጸደቅሁባችሁ። ይቅር በሉኝ።»

አያ ፈንታው እጃቸው የፊጥኝ ታስሯል፤ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ጓድ ተሾመ ተቆጣ፤ ደግሞም ትንሽ የደነገጠ መሰለኝ።

«አባ፣ ይነሡ! ያውርዱት ይህንን! እኔ እኮ ነፃ አወጣሁዎ!»

«በዳይ ራሱ አያወርደውም ልጄ።»

«እንግዲያው እኔ አወርድልዎታለሁ።» እጁን ዘረጋ።

«ተው ልጄ» አሉ መምሬ ካቀረቀሩበት። «አንተን አልበደልሁህም።»

የጓድ ተሾመ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። መልሶ ወደ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ የሆነው መጠበቅ ብቻ ነው። የመምሬ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። አንገታቸው ወደ አንድ በኩል ሲያዘነብል ሴቶቹ «ኧረ በሚካኤል!» አሉ፤ ድንጋዩ ግን አልወደቀም። ከበስተኋላ አንድ ድምፅ «ፍቷቸው!» አለ። ሌላም ደገመው። ብዙም ጩኸት አልነበረም፤ ለቅሶ ላይ ሰው እንደሚለው ዓይነት ድምፅ ነበር። ጓድ ተሾመ ወደ ሕዝቡ አየ፣ ወደ ሚሊሺያዎቹ አየ። አንደኛው ሚሊሺያ ጠመንጃውን ለጓደኛው አቀበለና የአያ ፈንታውን እጅ ይፈታ ጀመር።

«ማን አዘዘህ?» አለው ጓድ ተሾመ።

«ሰውዬው ሊሞቱብን ነው ጓድ። ቄሳችን ናቸው፤ እኔን ያጠመቁኝ እርሳቸው ናቸው።»

አያ ፈንታው ተፈቱ። ነገር ግን እጃቸው ደንዝዞ ኖሮ ድንጋዩን ይዘው ማንሳት አቃታቸው፤ ጣታቸው አይጨብጥም። ዘወር ብለው ለሚሊሺያው፣ «እነዚያንም ፍታልኝ፣ ብቻዬን አልችለውም» አሉት። ልጁ ሁለቱንም ፈታቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተጋግዘው ድንጋዩን ከመምሬ ማጅራት ላይ አነሡ፤ ቀስ ብለው ከመሬት አኖሩት።

ጓድ ተሾመ ስብሰባው ከእጁ እንደወጣ ገብቶታል። የቀረውን ነገር ፈለገ። «ጓድ ገጣሚ! ግጥምህን!» ብሎ ጠራኝ።

በቃሌ ይዤው ነበር። አፌን ስከፍት መምሬ ማጅራታቸውን በነጠላ ይጠርጉ ነበር፤ ነጠላው ደም ነክቶታል።

«ገና አላለቀልኝም ጓድ» አልሁት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። «ከአንተ ጋር በሌላ ቀን እንነጋገራለን» አለኝ። ሦስቱን ሽማግሌዎች መልሳችሁ እሰሯቸው አላለም፤ ቢልም የሚያስረው ያገኝ እንደሆነ አላውቅም። ሚሊሺያዎቹን አስከትሎ ቁልቁለቱን ወረደ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከኪነት ቡድኑ ስሜ ተሰረዘ።

አያ ፈንታው ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የእጃቸውን አንጓ ያሹ ነበር።

«መምሬ» አሉ።

«አቤት።»

«ቢጠሩን ኖሮ የምንመጣ ይመስልዎታል?»

«አላውቅም። አልጠራሁማ።»

«እኔም አላውቅም።» አንጓቸውን ማሸት ተዉ። «ለሌላ ጊዜ ይጥሩን።»

«እንግዲያው አሁን እየጠራሁ ነው» አሉ መምሬ። «ዛላው ጭቃ ላይ ወድቋል። ዛሬ ፀሐይ ወጥቷል፤ ካደረ ይበቅላል። ልጆቻቸው ከዘመቱባቸው ማሳ እንጀምር።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«መምሬ፣ ዛሬ እኮ ሰንበት ነው» አለች አንዲት ሴት በዝቅተኛ ድምፅ።

ሁሉም ወደ አያ ፈንታው ዞረ። ዳኛው ሰማዩን አዩ። ጠርቶ ነበር። ከዚያ ደንዝዞ ያልለቀቃቸውን እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ።

«ማጭድ የነካ በቅሬው ይጠየቃል» አሉ። «በእጅ መልቀም ግን ሥራ ነው ያለ አለ?»

«የለም!» አለ ያ በፍርዱ ቀን መምሬን «ምናለ ለራስዎ ቢያጭዱ» ያላቸው ጎልማሳ። «በሰንበት የወደቀ ማንሳት ነውር ነው ያለ የለም።»

ወረድን። የበዓል ልብሳችንን እንደለበስን፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን ዛላ ለቀምን። የመምሬ ሚስት ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ማንም ከአጠገቧ ፈቀቅ አላለም። የተረፈው የደህና ዓመቱን ሩብ እንኳ አይሆንም፤ ግን ስለተካፈልነው ክረምቱን ከመንደራችን የተሰደደ ሰው አልነበረም።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለስሁ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምርላችሁ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ አልተመለስሁም። አንዳንድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ቅዳሴ እሰማለሁ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ፣ ሃይማኖተኛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ በዓል የሚቆጥር አለ፣ ደግ የሚሠራ አለ። መምሬን ከሁለተኛው መድቤ ጨርሼ ነበር። እርሳቸው ግን ደግ ሥራቸውን እንኳ ከእግዚአብሔር ፊት አቁመው መረመሩት፤ የጎደለውንም አገኙበት። ሥራቸው ከእምነታቸው ጎን የቆመ ሌላ ነገር አልነበረም። ማጭዱን ሲያነሱም ድንጋዩን ሲያነሱም የሚያምኑት አንዱን ነው። ይህንን በስብከት ቢነግሩኝ እረሳው ነበር።

ደግ ስትሠሩ ማንን ሳትጠሩ እንደሄዳችሁ አንዳንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እንድታዩ እለምናችኋለሁ። እኔም ለማየት እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ሥርዓቱ ተለውጦ ጓድ ተሾመም የት እንደገባ አይታወቅም። በአስታ ሜዳ ግን ክርክሩ አላለቀም። አያ ፈንታው ዛሬም በረዶውን ያመጡት መምሬ ናቸው ይላሉ፤ ከዚህ የሚያነቃንቃቸው የለም። መምሬም አይከራከሯቸውም። ነገር ግን እህል በደረሰበት ወራት ግርጌው የነጣ ደመና ከተራራው ሲወጣ፣ በዓል ይሁን ሰንበት፣ ከጉብታው ላይ ወጥተው አገሩን የሚጣሩት አያ ፈንታው ናቸው።